«ዝገት» የተቀዳ ዕለት

ይህን የምነግራችሁን ነገር ከዋሸሁ ምላሴ ከሥሩ ይነቀል። ሰፈሬ ያሉ ሰዎች እኔ ስምል ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አይፈረድባቸውም፤ ዘንድሮ ዝናቡ ከታች ወደ ላይ ነው የሚዘንበው ብዬ አንድ ሙሉ ሰልፍ ዣንጥላውን ገልብጦ እንዲይዝ ያደረግሁ ሰው ነኝ። ከትምህርት ቤት ጋር የተጣላነውም በዚሁ ጠባዬ ነው። እነሱ እውነት እውነቱን ብቻ አውሪ አሉኝ፤ እኔ ደግሞ እውነት ብቻዋን ስትሆን ትደብረኛለች። ይኼኛው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። «አባቴ ይሙት» ብዬ አልምልላችሁም። አባቴ ይኸውላችሁ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ በመሐላም ቢሆን አላስነካውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከወረቀት ከረጢት ነው።

ልጅ ሳለሁ ሥራዬ ሰው ማስደንገጥ ነበር። የዳቦ ከረጢት እነፋለሁ፣ አፉን ጠምዝዤ እይዛለሁ፣ ከሰው ኋላ ኮቴዬን አጥፍቼ እጠጋለሁ፣ ከዚያ በመዳፌ ጧ! እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ በእኔ የተነሳ መርፌ ያልቀመሰ ጣት አልነበራትም። ፖስተኛው ከነብስክሌቱ አጥር ውስጥ ገብቶ ያውቃል። ጫማ ሰፊው ደግሞ እኔን ገና ከሩቅ ሲያይ መዶሻውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ጆሮውን ይይዝ ነበር። ስሜንም «ፌንጣ» ያሉኝ ለዚህ ነው፤ ከረጢቱ ከጮኸ በኋላ እግሬ መሬት አይነካም።

የማይደነግጥልኝ ሰው አንድ ብቻ ነበር። አባቴ።

አባቴ የመኪና ላሜራ ቀጥቃጭ ነው። ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና ጎትተው ያመጡለታል፤ እሱ በመዶሻ አባብሎም አስፈራርቶም እንደተተኮሰ ሸሚዝ ያደርገዋል። ጋራዡ ከቤታችን ጀርባ ነው፤ አንድ በር ያገናኛቸዋል። እኔ በዚያች በር ሾልኬ ከኋላው እቆምና ጧ! ዝም። ሄጄ ትልቅ ከረጢት አመጣለሁ። ጧ! ትከሻው እንኳ ንቅንቅ አይልም። ቆይቶ በራሱ ጊዜ ዞር ሲል ያየኝና፣ «መጣሽ እንዴ ፌንጣዬ?» ይለኛል፣ ግቢውን በሚሞላ ድምፁ። እናቴ ከማብሰያ ቤት ስትጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እያንባረቀ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሲበተን እሱ ረጋ ብሎ ይሄዳል።

እኔም የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ፣ «አባቴ ሲፈጠር ፍርሃት የሚባለው ዕቃ አልቆ ነበር» እላቸዋለሁ። «መድፍ ጆሮው ሥር ቢተኮስ ‹ማነው ያስነጠሰው?› ነው የሚለው።»

ይኼን ስል እንደዋሸሁ ነበር የማውቀው። ለካ ከአፌ ከወጡት ሁሉ ለእውነት የቀረበው እሱ ኖሯል። የአባቴ ቀኝ ጆሮ ከሞተ ቆይቶ ነበር፤ ግራው እየሞተ ነበር። ወጣትነቱን ከቁመቱ በሚበልጡ ድምፅ ማጉያዎች ፊት ቆሞ ሃርድ ሮክ ሲጫወት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘመን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው፤ በምን ጆሮው ይሰማ? ያኔ ግን ማንም ይህን አልነገረኝም። ሙዚቀኛ እንደነበረም አላውቅ። አልጋቸው ሥር የተኛውን ረጅም ጥቁር ሳጥን እንዳልነካ ስለተከለከልኩ፣ ውስጡ ጠመንጃ ነው ብዬ ለሰፈሩ አውጄ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ቤት ነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሹ ሰውዬ የመጣው።

ከአንድ አሮጌ ፒክአፕ ወረደ። ሲወርድ እግሩ መሬት እስኪደርስ ጊዜ ወሰደበት፤ ያን ያህል አጭር ነው። ሽበቱ ወርዶ ትከሻው ላይ ተኝቷል፣ ኮቱ ከእሱ የሚበልጥ ሰው ኮት ነው። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ሁሉ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ከመኪናው ኋላ ደግሞ ክብ ክብ ጥቁር ቦርሳዎች ተደርድረዋል፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ ልክ የአባት፣ የእናትና የልጅ ጭንቅላት ልክ። ይኼን ልኬት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ካወጣሁት በኋላ ግን ራሴኑ ብርድ ብርድ አለኝ።

አባቴ ሰውዬውን ሲያየው መዶሻው ከእጁ ወደቀ። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ተቃቀፉ፤ ሲላቀቁ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ፌንጣዬ፣ ነይ ሳሚው! ጋሽ ነጎድጓድ ማለት ይኼ ነው!»

ነጎድጓድ? በዚህ ቁመት? ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ «እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ» አለኝ። ድምፁ የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ እንዳለው ነው፤ ከዚያ ከፍ አይልም። ሳቄን አፍኜ ሮጥኩና ከረጢቴን ይዤ ተመለስኩ። ለእንግዳ የሚገባው አቀባበል አለኛ። ጀርባውን ሰጥቶ ቦርሳዎቹን እያወረደ ነበር። በጣቶቼ ጫፍ ተጠጋሁ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ መዳፌን አነሳሁ።

«ተይ አታድርጊው የኔ ልጅ» አለ፣ ሳይዞር።

ክው ብዬ ቀረሁ። ከረጢቱ እጄ ላይ ፊስስስ ብሎ ሟሸሸ። እንደ እኔ በኮቴው የማይታወቅ ሰው በሰፈሩ የለም፤ ይኼ ሰውዬ ግን ጀርባው ላይ ዓይን አለው።

ዕድሜውን ሁሉ ድራም የመታ ሰው ከኋላው ያለን ትንፋሽ ሰምቶ ምቱን መለየት እንደሚችል የገባኝ ካደግሁ ወዲያ ነው። በዚያን ዕለት የገባኝ ሌላ ነበር፤ ይኼ ሰውዬ ሰው አይደለም።

የጋራዡ የቆርቆሮ ግድግዳ የምስማር ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳዋን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዓይኔን ሰካሁባት። አባቴ የተገለበጠ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጧል። ትንሹ ሰውዬ አጠገቡ ቆሞ በፕላስተር በተጠቀለለ እጁ ማጅራቱን ጨምድዶ ይዞ፣ አፉን ግራ ጆሮው ውስጥ ሊከት ምንም አልቀረው። የሚለው አይሰማኝም፤ ከንፈሩ ሲርገበገብ ብቻ ነው የማየው። የአባቴ መልስ ግን ቆርቆሮውን ያርገፈግፈዋል።

«አውቃለሁ! ሐኪሙ ነግሮኛል!»

የሰውዬው ከንፈር ተርገበገበ።

«ተውኩትም አልተውኩትም እስከ ክረምት ነው! ነገሩን ካደረግነው ግን ያኔውኑ ሊያልቅ ይችላል አለኝ። ይለቅ!»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ማጅራቱን ግን አልለቀቀም።

«ፈቅጃለሁ አልኩህ እኮ! የሚያመው እኔን፣ የምታለቅሰው አንተ! እጅህን እንዳትሰስትብኝ ብቻ፤ ከሰሰትክ በሰማይ አልለቅህም!»

ከንፈር።

«ቅዳሜ ይሁን። እናቷ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። ለእሷ ትንፍሽ እንዳትል። ለልጅቷማ ጭራሽ!»

ከዚያ አባቴ ጥቁር ቅባት በጠጣው መዳፉ ፊቱን ሸፈነና፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቅ አነስተኛ ድምፅ፣ «ፈርቻለሁ እኮ ወንድሜ» አለ።

እዚያው ቀዳዳው ሥር ቁጭ አልኩ። እናንተ ሆዬ፣ ስንት ነገር በራሴ ፈጥሬ ስንቱን ልጅ አስለቅሻለሁ፤ እኔ ግን ፈርቼ አላውቅም ነበር። ለምን እፈራለሁ? ፍርሃት የማይገባበት ሰው ቤት ነው የምኖረው። አሁን ያ ሰው በገዛ አፉ ፈርቻለሁ አለ። ትንሹ ሰውዬ አባቴን ሊወስደው መጥቷል፤ ቅዳሜ ይወስደዋል፤ አባቴም ተስማምቷል።

እየበረርኩ እናቴ ጋ ሄድኩ። ከስፌት መኪናዋ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «በእጅሽ ከረጢት ካለ ከዚህ ክፍል ውጪ» አለችኝ።

«እማዬ፣ አባዬን ሊገድሉት ነው!»

«ማን?»

«አንድ አጭር ሰውዬ። ጀርባው ላይ ዓይን አለው። የሰው ጭንቅላት በቦርሳ ይዞ ይዞራል።»

«የስንት ሰው?»

«የ… ብዙ። ቤተሰብ ናቸው።»

መርፌውን አቆመችና አየችኝ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ሄደ፤ እኔ ሳቅ መሰለኝ። «ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፖስተኛው ጅራት አብቅሎ ነበር» አለች።

«ይኼኛው እውነት ነው እማዬ! በአንቺ ሞት!»

«በሬ ወለደ ማለቱን ተይና እግርሽን ታጠቢ። ደግሞ ቅዳሜ አክስትሽ ዘንድ ስሄድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

«አልሄድም!»

«ለምን?»

«ሆዴን ያመኛል። ቅዳሜ ሊያመኝ ነው።»

እናቴ ጨርቁን አስተካከለችና፣ «እንግዲያው ከአባትሽ አትራቂ» ብላ መኪናዋን ማሽከርከር ጀመረች። መንኮራኩሩ ከሌላው ቀን በፍጥነት ይዞር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት አይነሱብኝ። ሁለቱ ሰዎች ጋራዡን ዘግተው ግድግዳውን ማልበስ ጀመሩ። አሮጌ የመኪና ወንበር ስፖንጅ ቸነከሩ። የእንቁላል ካርቶን ለጠፉ። ብርድ ልብስ ሰቀሉ። መስኮቷን በፍራሽ ደፈኗት፤ ፍራሹ ደግሞ የአባቴና የእናቴ ፍራሽ ነበር፣ አበባ አበባው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ። ጩኸት እንዳይወጣ ነው። እዚያ ውስጥ የሚጮኽ ሰው ሊኖር ነው፤ ማንም ሊሰማው አይገባም።

የምግብ ጣዕም ጠፋኝ። አባቴ ማታ ማታ ጭንቅላቴን ሲዳስሰኝ እጁን በሁለት እጄ ይዤ አልለቅም እለዋለሁ፤ «ምን ሆናለች ይቺ ልጅ?» ይላል ለእናቴ እየጮኸ። አንዴም፣ «አባዬ፣ ቅዳሜ እንዳትሄድ» አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞሮ ጫማውን እያወለቀ ነበር፤ መልስ አልሰጠኝም። አልሰማኝም ነበር። እኔ ግን ቆርጧል አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ አባቴን ብዙ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ኮሌታውን አስተካከለችለት። ለጋራዥ ቱታ ኮሌታ ማስተካከል ምን ይባላል? እሷ ከዓይን ስትርቅ አባቴን የማድነው እኔ ብቻ ቀረሁ። ግን ዕቅድ ነበረኝ። ጎረቤት ከሚሠራው ቤት ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ሰርቄ ደብቄያለሁ። በእሱ ከረጢት ግድግዳ ይፈርሳል። ትንሹን ሰውዬ ካስደነገጥኩት፣ አባቴን ከለቀቀው፣ ሁለታችን እንሮጣለን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩበትም።

ጋራዡ ጥግ ሞተር የሌለው፣ በርና መስታወት የረገፈ መኪና ነበር። ከኋላ ወንበሩ ሥር ገብቼ ተኛሁ። የዝገትና የአሮጌ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ይቆነጥጠዋል። ሲሚንቶው ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፤ እንዳላስል ክንዴን ነከስኩ።

መጀመሪያ መነጽር ያደረገ ሰው ገባ። ወፍራም ሣጥን ተሸክሟል፤ ሁለት ትልልቅ መንኮራኩር አለው፣ ሽቦው እንደ አንጀት ተጎልጉሏል። ሽቦዎቹን መሬቱ ላይ ዘረጋጋ። የአንዱን ጫፍ ማይክሮፎን ከአባቴ ፊት አቆመ። ሌላው ከአንድ ቁም ሣጥን ከሚያህል ጥቁር ነገር ወጥቶ ወደ አባቴ እግር ሥር ይሄዳል።

«እንግዲህ ጋሼዎቼ» አለ መነጽራሙ፣ «ቀይዋ መብራት ስትበራ ትንፋሽ የለም። የመቅጃው ክር ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው። ከተበላሸ እጄ የለበትም።»

«አይበላሽም» አለ ትንሹ ሰውዬ፣ በዚያች የገጽ ድምፁ።

ከዚያ ክቦቹን ቦርሳዎች ከፈተ። ጭንቅላት አልወጣም። ድራም ወጣ። ይኼ እፎይ ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር፤ አላሰኘኝም። አባቴም ረጅሙን ጥቁር ሳጥን ከፈተ፤ ጠመንጃ አልወጣም፣ ቀይ ጊታር ወጣ። ያን ሽቦ እሱ ላይ ሰካው። አባቴ ቀኝ እጁን ቱታው ላይ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ፊቱ አመድ መስሏል። ትንሹ ሰውዬ ከድራሙ ኋላ ሆኖ ዓይን ዓይኑን እያየ በጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረለት።

ቀይዋ መብራት በራች።

እኔ ያን ድምፅ በምን ቃል ልንገራችሁ? ነጎድጓድ የተባለበት ምክንያት ገባኝ። ያ ስንጥር የሚያህል ሰው አፉን ሲከፍት ከውስጡ ሌላ ሰው ወጣ፤ ሻካራ፣ ግዙፍ፣ ብረት የሚያኝክ ድምፅ። ድራሙ ወንበሩን በደረቴ ላይ ያስዘልለዋል። የአባቴ ጊታር ደግሞ ጎማው የፈነዳ የጭነት መኪና በቸርኬው አስፋልቱን እየጋጠ ቁልቁለት ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ አስቡት፤ እሱ ድምፅ ዜማ ቢኖረው። የተኛሁበት መኪና የላላ ብሎኑ ሁሉ መንጫጫት ጀመረ። ሽንቴ አመለጠኝ። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእውነት ስል ነው።

ዘፈኑ «ዝገት» ይባላል። ሁለቱ ልጅ እያሉ የጀመሩት፣ ጓዶቻቸው ሲበታተኑ ሳይቀዳ የቀረ ነው። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ በመዶሻው ይለማመደው ነበር። ሐኪሙ ከፍ ያለ ድምፅ የቀረችህን ጆሮ ያጠፋታል ሲለው፣ «ሳትጠፋ በፊት ለምን አልጠቀምባትም?» አለ። ትንሹን ሰውዬ ያስጠራው ለዚህ ነው። አሁን እንዲህ ስነግራችሁ ቀላል ነው። ያኔ ግን ከወንበር ሥር ሆኜ ያየሁትን ስሙ።

ትንሹ ሰውዬ መዝፈኑን አቆመና ድራሙን ብቻ ይወግር ጀመር። የአባቴ ተራ ነው። አባቴ ግራ ጆሮውን ወደ ጥቁሩ ማጉያ አዞረ፤ ፊቱ ተጨማደደ። ጣቶቹ መንገድ የጠፋቸው ይመስል ተደነባበሩ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጊታሩን እስከ አገጩ አነሳና ከእንጨቱ ወጣ ያለውን፣ ቀንድ የመሰለውን ጫፍ በጥርሱ ነከሰው።

ነክሶ ያዘው። ዓይኑ ተገለበጠ። የአንገቱ ሥር ገመድ ሆነ። ጉንጩ፣ አገጩ፣ ግንባሩ፣ ሁሉ ነገሩ ይንዘፈዘፋል፣ እንባው በእንጨቱ ላይ ይወርዳል፤ ጣቶቹ ግን አሁን እንደ እብድ ይሮጣሉ። ሽቦው ከሆዱ ወደ ጥቁሩ ሣጥን። ቀይ መብራት። ትንሹ ሰውዬ ፕላስተሩ ተበጥሶ ደሙ ድራሙ ላይ እየተረጨ፣ እሱም እያለቀሰ፣ ይመታል፣ ይመታል፣ አይሰስትም።

ጆሮው እምቢ ቢለው በጥርሱ እየሰማ ነበር። ድምፁ በእንጨቱ ገብቶ፣ በጥርሱ አልፎ፣ በአጥንቱ ወደ ጭንቅላቱ ይሄድለታል። መዶሻውንም ድሮ እጀታውን እየነከሰ ቆርቆሮው መስተካከሉን ያዳምጥ እንደነበር ኋላ ትዝ አለኝ።

እኔ ግን ምን አየሁ? አባቴን ኤሌክትሪክ ይዞታል። እየሞተ ነው።

ከወንበሩ ሥር እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ከረጢቱን ነፋሁት፤ ሲሚንቶ ዓይኔንም አፌንም ሞላው። በትንሹ ሰውዬ ኋላ ቆምኩ። በዚያ ሁሉ መዓት ውስጥ ትንፋሼን አልሰማም። በሁለት መዳፌ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ፣ ጧ!

ግራጫ ደመና ጋራዡን ዋጠው። የትንሹ ሰውዬ አንዱ ዱላ በረረ፤ በቀረችው መምታቱን ቀጠለ። እኔም እየጮህኩ ወደ አባቴ ሮጥኩ።

«አባዬ!»

አባቴ ዞረ። ጥርሱን ከእንጨቱ አላቀቀና በአቧራው ውስጥ አየኝ። ከንፈሩ «ፌንጣዬ» አለ። ፈገግ አለ። ከዚያ የመጨረሻውን ድምፅ መታው፤ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ።

ቀይዋ መብራት ጠፋች።

መነጽራሙ ጭንቅላቱን ይዞ፣ «ጉድ ሠራችኝ! ይቺ ልጅ ጉድ ሠራችኝ! ክሩ አልቋል እኮ!» ይላል። እኔ የአባቴን እግር ጨምድጄ እሪ እላለሁ። ትንሹ ሰውዬ፣ «ተዋት፣ ተዋት፣ ልጅ ናት፣ ተዋት» ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰማሁት። ጋራዡ የጩኸት ገበያ ሆነ።

በዚህ መሐል አባቴ አንዴ ትንሹን ሰውዬ፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ መነጽራሙን አየን።

«እንዴት ነበር?» አለ። «ምነው ዝም አላችሁ?»

ያኔ በእርግጥ ዝም አልን።

ትንሹ ሰውዬ ተነሥቶ መጣ። እንደዚያን ቀን ማጅራቱን ያዘው፣ አፉን ግራ ጆሮው ሥር አደረገ። አባቴ ጠበቀ። ጠብቆ ጠብቆ ራሱን ግራና ቀኝ በቀስታ ነቀነቀ። ትንሹ ሰውዬ ግንባሩን ግንባሩ ላይ አስደግፎ ቆየ። ከዚያ ወደ መነጽራሙ ዞረና፣ «ሌላ የለም» አለው። «ከነልጅቷ ይወጣል።»

እናቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች። ምንም አልጠየቀችም። የአባቴን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯን እያጎላች፣ ያለ ድምፅ፣ «ወጣልህ?» አለችው። አባቴ ከንፈሯን አንብቦ፣ «ወጣልኝ!» አለ፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ያን ሁሉ ቀን ምንም አታውቅም ብዬ ሳዝንላት ነበር። የተኛችበት ፍራሽ ከሥሯ ጠፍቶ በርብራብ ላይ ስትተኛ የሰነበተች ሴት ናት፤ እንዴት አታውቅም? ከቤት የወጣችው እሷ ካለች አባቴ እንደሚሳቀቅ ስለገባት ነው። እኔንም ከአባትሽ አትራቂ ያለችኝ ብቻውን እንዳይሆን ነው።

«ዝገት» በነጠላ ዜማ ወጣ። የሬዲዮው ሰውዬ፣ «ሁለቱ አንጋፋዎች ከስንት ዘመን በኋላ» ምናምን እያለ ሲያስተዋውቅ ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱን ከፈተ። መጨረሻው ላይ ያለችውን ፍንዳታና ጩኸት በተመለከተ የማይባል የለም። አንዱ ማጉያው ተቃጥሎ ነው ይላል። ሌላው ድራሙ ተቀዶ ነው ይላል። ጩኸቱን ደግሞ፣ «ጋሽ ነጎድጓድ እንደ ሕፃን መጮኽ ይችልበታል» እያሉ ያደንቁታል። ጋሽ ነጎድጓድ ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ድረስ አላስተባበለም። እኔ ነኝ ብዬ ስምል የሚያምነኝ አላገኘሁም።

አባቴ ዘፈኑን እስካሁን ይሰማዋል። የማጫወቻውን የእንጨት ሣጥን ጠርዝ ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። እዚያች ቦታ ሲደርስ ጣቱን ያነሳል፤ አሁን አንቺ ነሽ ማለቱ ነው።

ሁሉም እውነት ነው ብያችሁ ነበር። ከአንዲት ነገር በቀር ነው። አባቴ አልዞረም። እኔ «አባዬ!» ስል የዞረው ትንሹ ሰውዬ ነው፤ አባቴ እንጨቱን እንደነከሰ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። የኔ ድምፅ አልደረሰውም። የዞረበትን እኔ ጨመርኩበት፤ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አላውቅም፣ ሁልጊዜ አዞረዋለሁ። አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ከንፈሬን እያነበበ፣ ለሰው ስተርክ ደረሰብኝ። እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ዓይኑን ከከንፈሬ አላነሳም። ያስተባብለኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አዎ» አለ፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፁ። «ጠራችኝ፤ ዞርኩ።»